ሽማግሌ የተላከበት ፓስወርድ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ «ፊትሽን አዙሪ» የሚል ነበር።

ያዘዘኝ ማሽኑን ከአዲስ አበባ ጭኖ ያመጣው ቴክኒሻን ነው። ከሚሴ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ በነበረው የፕሮጀክታችን ቢሮ፣ ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ አሳርፎ ይጠብቀኛል። በእኛ አገር ፊቱን የሚያዞር ያኮረፈ ሰው ነው። ለምን ስለው «ፓስወርድ ልጽፍ ነው» አለኝ። ማሽኑን የምረከበው እኔ አይደለሁም ወይ ብዬ ተሟገትኩት። «ነሽ፤ ግን ገና አልተረከብሽም» አለና እስክዞር ድረስ እጁን አላንቀሳቀሰም። ዞርኩ። ግድግዳ እያየሁ በሆዴ ሰደብኩት።

በማግስቱ ርክክቡ ሲያልቅ ከወንበሩ ተነሥቶ «አሁን አንቺ ቀይሪው» አለኝ። ጽፌ እስክጨርስ፣ ማንም ሳያዘው፣ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያየ ቆመ። ያን ጊዜ በሆዴ ይቅር በለኝ ብዬ ስድቤን መለስኩ።

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ መባቻ ነው። ደሴ ተምሬ የኮምፒውተር ዲፕሎማ ይዤ ተመልሻለሁ። በከተማችን ቢሮዎች የነበሩት ጥቂት ኮምፒውተሮች ደብዳቤ ከመጻፍ ያለፈ ሥራ አልነበራቸውም። የእኛው ሌላ ነው። ዩኒክስ በሚባል ሲስተም የሚሠራ ዎርክስቴሽን ነው፤ ስክሪኑን ለማንሣት ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ከጎኑ መረጃ የሚቀዳበት የቴፕ መክተቻ አለው፣ ሲሠራ ውሎ ሲሞቅ ክፍሉን ጭምር ያሞቀዋል። ይህን የመሰለ ዕቃ እንዴት ለሴት ሰጧት ሲባል ሰምቻለሁ። ለማን ሊሰጡ ኖሯል? ሥልጠናውን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ማሽኑ የመጣው ለጨፋ ካርታ ነው። በበጋ ቆላው ሲደርቅ አፋሮች ከብታቸውን እየነዱ ወደ ጨፋ ረግረግ ይመጣሉ። የጨፋ ገበሬም ከብቱ እዚያው ነው። ከብቱ በየት በኩል ይለፍ፣ ከቦርከና ወንዝ የቱ ጋ ይጠጣ የሚለውን የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይስማሙበታል። ቀያሾቻችን የተስማሙበትን መስመር ጂፒኤስ ይዘው በእግራቸው ይሄዱበታል። ከዚያ መስመሩ ማሽኑ ውስጥ ይገባና ካርታው በትልቅ ወረቀት ታትሞ ሰንበቴ ገበያ ላይ ለሁለቱም ወገን ይሰጣል። በዚያ ወረቀት ሰው ሳይጣላ በጋውን ያልፋል። እንግዲህ ማሽኑ ውስጥ ያንን መስመር በጣት ስፋት ማንቀሳቀስ የቻለ ሰው ሜዳው ላይ ከብት ከውሃ ያስቀራል ማለት ነው። እኔ የምጠብቀው ይህን እንጂ ብረቱን አልነበረም።

ዩኒክስን ለማታውቁት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ሰው በየስሙና በየፓስወርዱ ይገባል፤ የተፈቀደለትን ብቻ ይነካል። የካርታውን ፋይል ሁሉም እንዲያነበው፣ ቀያሾቹ ብቻ እንዲጽፉበት አድርጌዋለሁ፤ ካርታው ከታተመ በኋላ ግን እነሱም እንዳይጽፉበት እዘጋዋለሁ። ከሁሉም በላይ ግን ሩት የሚባል ስም አለ፤ በእንግሊዝኛ ሥር ማለት ነው። ሩት ሆኖ ለገባ ሰው የተከለከለ ነገር የለም። አጥፋ ካለው ማሽኑ ያጠፋል፤ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ እንኳ አይጠይቀውም። ስለዚህ የሩት ፓስወርድ የቤቱ ቁልፍ ነው።

አዲስ ፕሮግራም ስጭን የምከተለው ሥርዓት ነበረኝ፤ ዛሬም ብትጠይቁኝ ያንኑ ነው የምነግራችሁ። ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣውን «አንብበኝ» የሚባል ጽሑፍ ከመንካቴ በፊት እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ፕሮግራሙን ያገኘሁት ከነምንጭ ኮዱ ከሆነ በራሴ ስም ገብቼ ነው የምገነባው፤ ሩት የምሆነው ለመጨረሻዋ የመጫን ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ወዲያው እወጣለሁ። ሩት ሆኖ መዋል ካራ መዝዞ ገበያ እንደመግባት ነው፤ ሳታስቡት ሰው ትወጋላችሁ።

አዲሱን ከአሮጌው ላይ አልጭንም። የእኛን ፕሮግራሞች ሲስተሙ ከሚኖርበት የተለየ ቦታ ሠርቼላቸዋለሁ። አዲሱን የስሪት ቁጥሩን በስሙ ላይ ጽፌ ለብቻው አስቀምጠዋለሁ፤ ከዚያ ሰው የሚጠራውን ስም ሊንክ በሚባል ጠቋሚ ወደ አዲሱ አዞራለሁ። ካስቸገረ ሊንኩን ወደ አሮጌው መመለስ ነው፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። አሮጌውን የማጠፋው አዲሱ አንድ ሙሉ በጋ ካገለገለ በኋላ ነው። ቦታ ይይዛል ብለው የሚያጉረመርሙ ነበሩ። ይያዝ አልኳቸው።

ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ የምይዘው፣ ዓርብ ዓርብ ነው። ወንዶቹ ለጁምዓ ሲወጡ ማሽኑ ላይ ማንም ስለማይቀር ያን ጊዜ ቴፑን እከታለሁ። ከመስጊድ ሲመለሱ ተቀድቶ ያልቃል። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ከቴፑ አንዲት ፋይል መልሼ አወጣና ትከፈት እንደሆነ አያለሁ። ወደ ማሽኑ መልሰው አይተውት የማያውቁትን ቴፕ ባክአፕ አለኝ የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል።

አንዱን ልማድ ግን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ሰንበቴ ገበያ አፋሮች ሲገናኙ አይታችሁ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ዳጉ ይለዋወጣሉ። ከየት መጣህ፣ በመንገድ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ከዚያስ እየተባባሉ ወሬውን ከሥሩ ያወጡታል። የሚጨምርም የሚያስቀርም ሰው ይነወራል። እኔም ማሽኔ ላይ ተቀምጦ የተነሣን ሰው ሁሉ ዳጉ እጠይቀዋለሁ። ምን ጫንክ? ምን አጠፋህ? ማሽኑ ሲጀምር ምን አለህ? ቀያሾቹ መጀመሪያ ሳቁብኝ። በኋላ ከወንበሩ ሲነሡ ሳልጠይቃቸው ይነግሩኝ ጀመር።

አሁን አለቃዬን ላስተዋውቃችሁ። አቶ ይማም የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ከእሳቸው የበለጠ ደግ ሰው በሥራ ዘመኔ አላየሁም። ምሳ በአንድ ትሪ ከሾፌር እስከ ሒሳብ ሹም ሰብስበው ነው የሚበሉት። ደጃፋቸውን የረገጠ ሰው ሳይበላ አይወጣም። እምቢ የሚለው ቃል ከአፋቸው ሲወጣ የሰማ ሰው የለም። ደንቡ ኃላፊውም የሩትን ፓስወርድ ይወቅ ስለሚል ነግሬያቸው ነበር። እኔን ደግሞ ቢሮው ንፉግ ይለኝ ነበር። ከአንድ ትሪ እየበላን አንዲት ቃል ትከለክለናለች ይሉ ነበር። ፓስወርድ እንጀራ አይደለም ብል የሚሰማኝ አልነበረም።

አንድ በጋ፣ ሽማግሌዎቹ እሑድ ሰንበቴ ሊሰበሰቡ ቀጠሮ በያዙበት ሳምንት፣ እኔ ከቀያሾቹ ጋር ጨፋ ሮቢት ወርጄ ነበር። ስመለስ ማሽኑ ፊት አንድ ሰው ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጧል። ኢንጂነር ፍቅሩ ይባላል፤ የካርታ ማተሚያ ፕሮግራሙን አዲስ ስሪት ሊጭንልን ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። አቶ ይማም ከጎኑ ቆመዋል። ስክሪኑ ጥቁር ነው።

የሩትን ፓስወርድ ሰጥተውታል። ለምን ስላቸው ከልባቸው ገረማቸው። «እንግዳ እኮ ነው ዘሃራ» አሉኝ። «ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ እሷ እስክትመጣ ደጅ ተቀመጥ ልበለው?» አፋር እንግዳውን ዳጉ ጠይቆ ነው የሚያስተናግደው፤ የእኛ ሰው ያስተናግድና ሳይጠይቅ ይሸኛል።

ተናድጄ ነበር፤ ግን ንዴት ማሽን አያስነሣም። ኢንጂነሩን ከወንበሩ አስነሥቼ ወደ በረንዳው ወሰድኩትና ዳጉ ጠየቅሁት። መጀመሪያ የነካኸው ምንድን ነው? ከዚያስ? ማሽኑ ምን አለህ? ሰውየው ጨዋ ነው፤ ምንም ሳያስቀር አንድ በአንድ ነገረኝ። አዲሱ ፕሮግራም ላይብረሪ የሚባለውን የጋራ ፋይል ይዞ መጥቷል። ላይብረሪ ማለት በማሽኑ ላይ ያሉት ትእዛዞች ሁሉ የሚደገፉበት ነው። እሱ ያንን ከሲስተሙ ላይብረሪ ላይ ደርቦ ጻፈው። ወዲያው እያንዳንዱ ትእዛዝ «ላይብረሪ አላገኘሁም» እያለ እምቢ አለው። «ከዚያ ቢነሣ ይስተካከላል ብዬ አጠፋሁት» አለኝ ቀስ ብሎ።

ይህን ያዙ። ማሽኑ እንዲህ ሲሆንባችሁ የተከፈተውን መስኮት አትዝጉ፤ ማሽኑንም አታጥፉ። ሩት ሆኖ የተከፈተ መስኮት ካለ፣ ላይብረሪ ሳይፈልጉ የሚሠሩ ጥቂት ትእዛዞች ለእንደዚህ ያለ ቀን ተብለው ተቀምጠዋል፤ በእነሱ አሮጌውን ፋይል ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል። ከጠፋ በኋላ ግን ማሽኑ ሲነሣ የሚደገፍበት የለውም። የእኛው ጠፍቶ ነበር።

ኢንጂነሩ ማሽኑን ከሲዲ ማስነሣት ያውቅበታል፤ እኔ ደግሞ የዓርቡን ቴፕ ሰኞ ፈትሼ ነበር ያስቀመጥኩት። እሱ ከሲዲ አስነሣው፣ ዲስኩን ከፈተልኝ፣ እኔ ሲስተሙን ከቴፕ መለስኩ። መብራት አንዴ ጠፋብንና መጠባበቂያ ባትሪው ሊያልቅ ሲል በሥርዓቱ ዘግተን መብራቱ ሲመለስ እንደገና ጀመርን። የጨፋ ካርታ ከሲስተሙ በተለየ የዲስክ ክፍል ስለነበር አልተነካም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማተሚያው የቦርከናን መስመር ሲስል አቶ ይማም አልሐምዱሊላህ እያሉ ለሁላችንም ምሳ አዘዙ። እሑድ ሰንበቴ ላይ ወረቀቱ በሁለቱም ወገን እጅ ገባ።

ኢንጂነሩ ሲሰናበት «ሌላ ጊዜ ፓስወርዱን ለእኔም ቢሆን እንዳይሰጡ» አላቸው። አቶ ይማም ትሕትና መሰላቸው። የጨዋ ልጅ ነው እያሉ ለሳምንት አወሩለት።

እኔ ሰኞ ጠዋት ፓስወርዱን ቀየርኩ። አቶ ይማም አዲሱን ሲጠይቁኝ አልነግርዎትም አልኳቸው። መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ፣ ደንብም አለ አሉ። ያሉት ሁሉ ልክ ነው። «ቢያውቁት ቅር አይለኝም ነበር» አልኳቸው። «መከልከል አይችሉም እንጂ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓት ከትሪው ሲጠሩኝ ድምፃቸው ቀዘቀዘ። መጥራታቸውን ግን አላቆሙም።

ሌላ አለቃ ቢሆን ማስጠንቀቂያ ይጽፍብኝ ነበር። አቶ ይማም ግን ሽማግሌ ላኩብኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ቤቴ መጡ። ጎረቤቴ አጥሩን ተደግፋ ማንን ሊያጩ ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ልጄ ገና አንደኛ ክፍል ናት። ባለቤቴ ከማል መምህር ነው፤ ምንጣፍ አነጠፈ፣ ሻይ አቀረበ፣ እኔን በዓይኑ ምን አድርገሽ ነው ይለኛል። የከተማው ሼህ አሊ ከፊት ተቀመጡ። ከጎናቸው የጨፋው አያ ሁሴን ነበሩ፤ ከአፋሮቹ ጋር የከብቱን መንገድ የሚነጋገሩት እሳቸው ናቸው። ሦስተኛው የአቶ ይማም ዘመድ የሆነ ነጋዴ ነው።

ሼህ አሊ ዱዓ አድርገው ነገሩን ጀመሩ። ወንድማችን ይማም አዝኗል፣ ሐቄ ነው ያለውን ነገር ይዘሽበታል፣ ስለ አላህ ብለሽ ስጪን አሉ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌን ባዶ እጁን መስደድ ቀላል ነገር አይደለም። ከተማው ዓመት ያወራዋል።

«መምጣታችሁን አከብራለሁ» አልኩ። «ግን አልሰጥም።»

ከማል የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። ነጋዴው ወደ ጫማው ተመለከተ። ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴ ግን ውሳኔዬን አልቀየረውም።

አያ ሁሴን ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅለው ነው የሚናገሩት። «ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያ ቃል ምን ይከፍታል?»

«የጨፋን ካርታ።»

«ቃሉን የያዘ ሰው የከብቱን መንገድ ማዞር ይችላል?»

«ይችላል። ማንም ሳያየው።»

«ይማም ያዞረዋል?»

«አቶ ይማም አያዞሩትም» አልኩ። «ቤታቸው በልቶ የጠየቃቸው ሰው ካለ ግን ቃሉን ይሰጡታል። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ።»

መጀመሪያ የሳቀው ነጋዴው ነው፤ በዘመዱ ትሪ ስንት እንግዳ ሲበላ እንዳየ እሱ ያውቃል። «ዱጋዳ» አሉ አያ ሁሴን፤ እውነት ነው ማለት ነው። ሼህ አሊ ግን አልሳቁም።

«አንቺስ ልጄ፣ ዛሬ ብትሞቺ ማን ይከፍተዋል?» አሉኝ።

ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ነበር፤ ደንቡም የወጣው ለዚህ ነው። እምቢ ለማለት ብቻ ተዘጋጅቼ ስለነበር ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሰብኩበትም።

መልሱን ያመጡት አያ ሁሴን ናቸው። እኔና የአፋሩ ወዳጄ መንገዱን የምንከፍተው ሁለታችንም ስንቆም ነው፣ አንዳችንም ለብቻችን ከፍተን አናውቅም አሉ። ቃሉን ለሁለት ክፈሉት አሉ። ግማሹን ይማም ይያዝ፣ ግማሹን ሼህ ይያዙ። እሷ ከሞተች ሁለቱ ተገናኝተው ይክፈቱ፤ እሷ በሕይወት እያለች ግን ሁለቱ ግማሾች እንዳይገናኙ። ፋቲሃ ተቀርቶ ነገሩ በዚህ አለቀ። ከማል በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፓስወርድ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ።

ለሼህ አሊ ግማሹን ሳስያዝ ባለቤቴን ከክፍሉ አስወጣሁት። ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት፣ ምንም ትርጉም የሌለው ነገር ነው። ወረቀት ላይ አይጻፍም ስላልኳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቁርኣን እንደሚቀሩ ልጆች ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዙ፣ እስኪይዙት ደጋገሙት። ለአቶ ይማም የእሳቸውን ግማሽ ቢሮ ውስጥ ነገርኳቸው። ትንሽ ቅር ብሏቸው ነበር፤ ሽማግሌ የጨረሰው ስለሆነ ግን ተቀበሉ። በየዓመቱ ከበጋው በፊት ፓስወርዱን በቀየርኩ ቁጥር ሼህ ቤት መሄድ ነበረብኝ። ገና ያኛውን በቅጡ ሳልይዘው እያሉ ያጉረመርሙብኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ባለሥልጣን መጣ። ስሙንም መሥሪያ ቤቱንም አልጠራም። የቦርከና ዳር ለእርሻ ይፈለጋል፣ የከብቱ መንገድ ወደ ድንጋያማው ሸንተረር ትንሽ ከፍ ይበል፣ ካርታው መጀመሪያ ይስተካከል፣ ሽማግሌዎቹ በኋላ ይነገራቸዋል አለ። ሸንተረሩ ላይ ውሃ የለም። አቶ ይማም እንደ ልማዳቸው አብልተውት ነበር። ከምሳ በኋላ ወደ እኔ ክፍል ሲገቡ ባለሥልጣኑ ተናዷል፤ እሳቸው ግን ከላያቸው ሸክም እንደወረደ ሰው ናቸው። «ወላሂ ግማሹ ነው ያለኝ» ይሉታል ደጋግመው።

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። መመሪያ ነው አለኝ። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተስማምተው ቀያሾቹ ከሄዱበት በዚያው ዕለት አስገባዋለሁ አልኩት። «አንቺ ማን ስለሆንሽ ነው?» አለኝ። «የማሽኑ ተጠያቂ» አልኩት። ከዚህ ወንበር ላይ ላነሣሽ እችላለሁ አለ። ይችላል፤ ያንን አልተከራከርኩትም።

አነሣኝም። ወደ ጨፋ ሮቢት የእህል መጋዘን ዝውውር ወጣልኝ። ሄድኩ። ሚዛን አጠገብ ተቀምጬ ኩንታል ስቀበል አላፈርኩም፤ ተናድጄ ግን ነበር፤ ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ። ባለሥልጣኑ እኔን ከመንገድ ካወጣ በኋላ ሁለቱን ግማሾች ላገናኝ ብሎ ሼህ አሊ ዘንድ ሄደ። ሼህ በደጃቸው ተቀብለው፣ አስቀምጠው፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁት።

«ዘሃራ ሞታለች እንዴ?»

በሕይወት አለች፣ ሮቢት ናት አላቸው። እንግዲያው ጊዜው አልደረሰም አሉት። ሰውየው ከዚያ ወዲያ የሚሄድበት አጣ። የበጋው ካርታ መታተሚያ ሲደርስ ማሽኑን የሚያሠራ ሰው ጠፋና እኔን መለሱኝ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ መጀመሪያ ያደረግሁት መስመሩ በቦታው መኖሩን ማየት ነው። ነበር። ያን በጋም ከብቱ በቦርከና ዳር አለፈ።

ያ ዎርክስቴሽን ካረጀ በኋላ ሊነክስ የሚባለው መጣ። ማሽኑ ቀለለ፣ ቴፑ በዲስክ ተተካ፣ ፕሮግራም መጫን በአንዲት ትእዛዝ የሚያልቅ ሆነ። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ሩት ግን ያው ሩት ነው፤ አሮጌ ላይ ደርቦ የሚጭንም ሰው አሁንም አለ። ቅጂው መልሶ መከፈቱን ሳይፈትሹ ባክአፕ አለን የሚሉም አሉ፤ አሁንም ያናድዱኛል።

ጡረታ ስወጣ ማሽኑን ከእኔ የተረከበችው ሙና ትባላለች። ዩኒቨርሲቲ የተማረች፣ እንደኔው አፏን የማትይዝ ልጅ ናት። ርክክቡ ሲያልቅ ከወንበሩ ተነሥቼ አሁን አንቺ ቀይሪው አልኳት። ኪቦርዱ ላይ እጇን አድርጋ አየችኝ። ስንት ዓመት የተቀመጥኩበትን ክፍል ጀርባዬን ሰጥቼ፣ እስክትጨርስ ድረስ ግድግዳውን እያየሁ ቆምኩ። ስዞር እኔ የማልገባበት ማሽን ሆኖ ነበር።

ከዚያ ሼህ አሊ ዘንድ ሄጄ ግማሹ ቃል አልፏል፣ ከእንግዲህ ይርሱት አልኳቸው። በጣም አርጅተው ነበር። እስከ ዛሬ ሳስብ የኖርኩትን እንዴት ነው የምረሳው አሉኝ።

አቶ ይማምን ባለፈው ሰንበቴ ገበያ አገኘኋቸው። እሳቸውም ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ሻይ ካልጋበዝኩሽ ብለው አንድ ጥላ ሥር አስቀመጡኝ። ከብት ከቆላም ከደጋም እየመጣ ገበያው ሞልቷል፤ አፋሮቹ ቆመው ዳጉ ይለዋወጣሉ። አሁንማ የሞተ ቃል ነው፣ የሼሁ ግማሽ ምን ነበር፣ ከእኔ ጋር ሲገጥም እንዴት ይሆን እያልኩ ስንት ጊዜ አሰብኩ አሉኝ። አልነግርዎትም አልኳቸው። ሼሁም እንዲሁ አሉኝ ብለው ሳቁ።

ሳቃቸው ሲያልቅ ሻያቸውን አስቀምጠው ወደ ከብቶቹ ዞሩ።

«ያ ባለሥልጣን የመጣ ቀን» አሉኝ፣ «ሙሉውን ባውቀው ኖሮ እሰጠው ነበር። ምን ሊሠራበት እንደሆነ እያወቅሁም ቢሆን እሰጠው ነበር። ቤቴ በልቷል።»

«አውቃለሁ» አልኳቸው።

ፓስወርድ በማዕረግ አይሰጥም። እምቢ ማለት ለሚችል ሰው ይሰጣል። እምቢ ማለት የማይችል ደግ ሰው ካላችሁ ግማሹን ስጡት፤ ሥራችሁን ስትለቁም አስቀይራችሁ ውጡ።